ያርጋል ያላቆመው ከበሮ

ደባርቅ ውስጥ ያርጋልን የማያውቅ ቢኖር ወይ ሕፃን ነው፣ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ነው። እጁ አያርፍማ! ጠላ ቤት ቢቀመጥ ጠረጴዛውን፣ ቀበሌ ወረፋ ቢይዝ የገዛ ጭኑን፣ ወፍጮ ቤት ገብስ ሊያስፈጭ ቢሄድ የሞተሩን ዱክ ዱክ ተከትሎ የጣሳ ቂጥ ሲመታ ይውላል። «ኧረ በሕግ አምላክ፣ ራሴን አዞርከው!» ያላለው ሰው የለም። «ይቅርታ» ይልና ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጀምራል። ምን ያድርግ፣ ተፈጥሮው ነው።

ከበሮ የጀመረው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሌሎቹ የቆሎ ተማሪዎች ዜማ ሲቀጽሉ የእሱ ድምፅ እንኳን ለማኅሌት ለከብት መጥሪያም አልሆነም። መሪጌታው ሰምተው ሰምተው ታከታቸውና «አንተ አፍህን ዝጋ፤ ይልቅ ይህን ያዝ» ብለው ከበሮውን አንገቱ ላይ አጠለቁለት። ያን ቀን የዳነው መሪጌታው ብቻ አይደሉም፣ ያርጋልም ዳነ።

ከቤተ ክርስቲያን ከበሮ ወደ ሠርግ ከበሮ ያለው መንገድ አጭር ነው። ጺም ሳያበቅል ከደባርቅ እስከ ዳባት ሠርግ የደገሰ ሁሉ የሚጠራው እሱን ሆነ። የክርስቲያኑን እስክስታ መትቶ ሲያበቃ በሳምንቱ የእስላሙ ሠርግ ላይ ይገኛል፤ ለእነሱ ደግሞ እንደ እነሱ አድርጎ ይመታል። እንግዲህ ሠርግ ላይ የከበሮ ሰው ምት ብቻ አይበቃውም፤ ደንብም ማወቅ አለበት። በሰፈሩ ለቅሶ ያለበት ቤት ካለ ከበሮ ከመነሳቱ በፊት ኀዘንተኞቹን ማስፈቀድ ግድ ነው። «እግዜር ያጽናችሁ። ደስታ ገጥሞን ከበሮ ልንመታ ነውና ፍቀዱልን» ይባላል። ኀዘንተኛውም ዓይኑን ጠርጎ «ምቱ፣ ደስታችሁን ያብዛው» ይላል። ሌላው ለዚህ ሽማግሌ ይልካል። ያርጋል ግን ራሱ ነበር የሚሄደው። የሚመታው እጅ የእኔ ነውና የሚያስፈቅደውም አፍ የእኔ መሆን አለበት ይላል፤ በዚህ ማንም ሐሳቡን አስለውጦት አያውቅም።

ኋላ ደባርቅ ጠበበችው። ጭነት በያዘ ኤንትሬ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሊማሊሞን ወረደና አስመራ ገባ። አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ ወለል ሲጠርግ፣ ከዕለታት አንድ ቀን የባንዱ ድራም መቺ ታሞ ቀረ። «እኔ ልሞክር?» አለ ያርጋል፣ መጥረጊያውን እንደያዘ። ሳቁበት፤ ከዚያ ሰሙት፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ድራም መቺ የታመመበት፣ የሰከረበት፣ የኮበለለበት ባንድ ሁሉ «ያርጋልን ጥሩ» ይላል። ለጣልያኖቹ ታንጎ፣ ለነጋዴው የሱዳን ዘፈን፣ ጸጉራቸውን ላጎፈሩ ወጣቶች ጆሮ የሚሰነጥቅ ሮክ ይመታል። የማንም ባንድ አባል አልነበረም፤ ግን ያልተቀመጠበት ድራም አልነበረም። ፖስተር ላይ ስሙ ወጥቶ አያውቅም። ለዚህም ደንታ አልነበረውም።

በስድሳ ሰባት ጦርነቱ ከተማው ውስጥ ሲገባ ያርጋል በዚያው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ተመለሰ። ይዞት የመጣው ሁለት የድራም እንጨት ብቻ ነው። ሸጊቱን አገባ፣ ጎጆ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የአውራጃው የኪነት ቡድን ሲቋቋም «ድራም መቺ ነህ አሉ» ተብሎ ተጠራ። ድራሙ ግን የለ! ወይ ጉድ! ያርጋል ታዲያ ሊማሊሞ ገደል ከገቡት መኪኖች ስብርባሪ ይለቅም ጀመር። የፍሬን ታምቡር በሽቦ አንጠለጠለ፣ ባዶ በርሜል ቆርጦ በበሬ ቆዳ ወጠረ፣ ድራም ላይ የሚንጠለጠለውን የናስ ሳህን በጭስ መውጫ ቆርቆሮ ተካ። መጀመሪያ ያዩት ሁሉ «ይህ ደግሞ የጋራዥ ዕቃ ነው ወይስ ሙዚቃ?» እያሉ አላገጡበት። ሲመታው ግን ምድር ትንቀጠቀጣለች። አኮርዲዮን የሚጫወተው ጠይብ፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ከእነ አኮርዲዮኔ ቀበርከኝ እኮ» እያለ ያማርራል። ቢያማርርም ከያርጋል ሌላ ጓደኛ አልነበረውም።

እንዲህ እያሉ ሰባ ዓመተ ምሕረት ደረሰ። ያንን ዓመት የኖረ ያውቀዋል። ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ማታ እመለሳለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ የማይናገርበት ጊዜ ነበር።

ገበያው ሜዳ ዳር እትዬ የዓለምወርቅ የሚባሉ ፈታይ ነበሩ። ባል የሞተባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ደርበው ዳባት አስተማሪ ነበር። «አናርኪስት» ተባለና ተያዘ፤ ከዚያ «እርምጃ ተወሰደበት» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። አስከሬኑን አልሰጧቸውም። ማልቀስ ክልክል፣ ጥቁር መልበስ ክልክል፣ ድንኳን መጣል ክልክል። ለቅሶ የደረሰ እንደ ግብረ አበር ይቆጠራል ተባለና ጎረቤቱ ሁሉ እትዬ የዓለምወርቅን ሲያይ መንገድ መቀየር ጀመረ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። እሳቸውም ነጠላቸውን እንደ ወትሮው ለብሰው፣ ድምፃቸውን ውጠው፣ ጥጣቸውን ያባዝታሉ።

ደርበው በሞተ በወሩ ገደማ የኪነቱ ኃላፊ ጓድ ሀይሉ ቡድኑን ሰበሰበ። «ቅዳሜ ለገበያተኛው ትርኢት እናሳያለን» አለ። «መድረኩ እዚያ የአናርኪስቱ ቤት ግድግዳ ሥር ይሁን። እናቱም ቤቷ ሆና የአብዮቱን ድምፅ ትስማ።»

ያርጋል ቀና ብሎ አላየውም። ያን ቀን እጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይመታ ጭኑ ላይ ተኝቶ ዋለ። ከስብሰባው ሲወጡ ጠይብን ወደ ዳር ሳብ አደረገው።

«ሳላስፈቅድ አልመታም» አለው።

«ማንን ነው የምታስፈቅደው?»

«እትዬ የዓለምወርቅን።»

ጠይብ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አብደሃል? ማስፈቀድ ማለት እኮ ለቅሶ መድረስ ማለት ነው! አንዱ ቢሰማህ አንተንም እዚያው ይጨምሩሃል። ሸጊቱንስ አላሰብካትም? ያረገዘች ሴት!»

«አስቤያታለሁ» አለ ያርጋል። እውነቱን ነው፣ ከእሷ በቀር ሌላ አላሰበም። ለሸጊቱ ሲነግራት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ከዚያ «ሂድ አልልህም፣ ቅርም አልልህም» አለችና ፊቷን አዞረች። ያርጋል ፈራ። ሞት ፈራ፣ ልጁን ሳያይ መቅረት ፈራ። በኀዘንተኛ ደጅ ሳያስፈቅዱ መምታት ደግሞ ከዚህ ሁሉ የባሰ መስሎ ታየው። ሁለቱን ፍርሃት ተሸክሞ ቅዳሜ ደረሰ።

ከቀትር በኋላ ገበያው ሞቅ ብሏል። መድረኩ በእትዬ የዓለምወርቅ ጭቃ ግድግዳ ሥር ተሠርቷል፤ የአብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ዳር ዳሩን ቆመዋል። ያርጋል በርሜሎቹን ደረደረና ዙሪያውን አየት አየት አደረገ። «መቀመጫዬን ረሳሁት። ከዚህ ቤት በርጩማ ልዋስ» አለ ጮክ ብሎ። አንዱ ጥበቃ «ቶሎ በል» አለው። በሩን አንኳክቶ ገባ።

እትዬ የዓለምወርቅ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ብድግ ሳይሉ አዩት።

«እትዬ» አለ ያርጋል። «ዛሬ ደጅዎ ላይ ከበሮ ልመታ ነው። ወድጄ አይደለም። ይፍቀዱልኝ ብዬ ነው የመጣሁ። እግዜር ያጽናዎት።»

ሴትዮዋ የያዙትን ጥጥ አስቀመጡ።

«ማንም እኮ እንዲህ አላለኝም» አሉ። «አሥር ቤት ጎረቤት አለኝ፣ አንድም ሰው ያጽናሽ አላለኝም። ልጄ የሞተ መሆኑን እንኳ እኔው ብቻዬን ነው የማውቀው መሰለኝ።»

ከውጭ «ኧረ ቶሎ!» የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ የዓለምወርቅ ብድግ ብለው በርጩማውን አነሱና እጁ ላይ አስቀመጡለት፤ እጁን ግን አልለቀቁትም።

«ምታ» አሉት። «ፈቅጃለሁ። ግን አጠንክረህ ምታ። ልጄን አልቅሼ አልቀበርኩትም፤ ለቅሶው እዚህ ታምቆ ሊገድለኝ ነው» ብለው ደረታቸውን ያዙ። «በከበሮህ ሥር ልጩህበት። ሲወጣልኝ ያንን መስኮት እከፍተዋለሁ። እስከዚያ ድረስ አደራህን፣ አታቁምብኝ።»

«እሺ» አለ። ምን እሺ እንዳለ የገባው መድረክ ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

ጠይብ አኮርዲዮኑን ዘረጋ፣ ዘፋኞቹ ስለ አብዮቱ ዘፈን ጀመሩ፣ ያርጋል መታ። በመጀመሪያው ስንኝ ምንም አልሰማም። በሁለተኛው ላይ ከጀርባው፣ ከጭቃው ግድግዳ ውስጥ፣ ድምፅ መጣ። «ደርበዬ!» የሚል ድምፅ። ያርጋል ብዙ ለቅሶ ሰምቷል፤ እንዲህ ያለ ግን ሰምቶ አያውቅም። አንድ ወር ሙሉ ታፍኖ የኖረ ድምፅ ነው። የፍሬኑን ታምቡር ባለ በሌለ ኃይሉ ደቃው፣ በርሜሉን በእግሩ ደበደበው፣ ድምፁ ተሸፈነ።

ችግሩ ዘፈን አጭር መሆኑ ነው። ዘፋኞቹ ጨርሰው እጅ ነሱ፤ አኮርዲዮኑ ዝም አለ። ያርጋል መስኮቱን ዞር ብሎ አየ። ዝግ ነው። ከውስጥ ድምፁ እየበረታ እንጂ እየቀነሰ አይደለም። አሁን ቢያቆም ያ ለቅሶ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ይቀራል፤ ጥበቃዎቹ በሩን ለመስበር ከሦስት እርምጃ የበለጠ አይርቁም። አላቆመም።

«ምን ነካህ? አልቋል እኮ!» አለው ጠይብ በሹክሹክታ። ያርጋል በዓይኑ ወደ ግድግዳው አመለከተው። ጠይብ ጆሮውን ቀሰረ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ያ አላህ» አለና አኮርዲዮኑን እንደገና ዘረጋ።

ጓድ ሀይሉ ከፊት ወንበር ተነሣ። ግንባሩ ተቋጥሯል። ያርጋል አየው፣ ሸጊቱ ፊቱ ላይ ድቅን አለች፤ እጁ ግን አልቆመም። አንዱ እንጨት ለሁለት ተሰብሮ በረረ። ቆርቆሮውን በባዶ መዳፉ ይመታው ጀመር። ስለቱ ቆረጠው።

ከገበያተኛው መካከል ግድግዳው አጠገብ ጨው የሚሸጡ አንዲት አሮጊት አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ሰሙ። አሮጊቷ አጠገባቸው ያለችውን ሴት በክርናቸው ጎሸም አደረጓት፤ ያችም የጎኗን። ከዚያ አሮጊቷ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡና «እልልልል!» አሉ። ሌላዋ ተቀበለች። በአንድ አፍታ የገበያው ሴት ሁሉ እልል ይል ጀመር፤ ነጠላቸውን ሁሉም ፊታቸው ላይ ጥለውታል፤ ሥሩ እንባ ብቻ ነው። ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ።

የጓድ ሀይሉ ግንባር ተፈታ። ዞር ብሎ ሕዝቡን አየ፣ ፈገግ አለ፣ ማጨብጨብ ጀመረ። ጥበቃዎቹም አጨበጨቡ።

ያርጋል ምን ያህል ጊዜ እንደመታ አያውቅም። ትከሻው ሞተ፣ ላቡ ዓይኑን ጋረደው፣ ቆርቆሮው በደም ጨቀየ። መስኮቱ ሲንቋቋ ግን ሰማው። ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ሰው አይታይም። ያርጋል እጆቹን ጣለ። ሜዳው ጸጥ አለ። እልልታውም አብሮ ቆመ፤ ከግድግዳው ውስጥም ምንም አልተሰማም።

ጓድ ሀይሉ መድረክ ላይ ወጥቶ የያርጋልን የደማ እጅ ከፍ አድርጎ ያዘ። «ይህ ነው የአብዮት ስሜት! ደሙን ያፈሰሰ ድራም መቺ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለ። ያርጋል እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። በደስታ ነው ተባለለት።

ቤቱ ሲደርስ ሸጊቱ እጁን በጨው ውኃ አጠበችለት። ምንም አልጠየቀችውም፤ ከተማው ሁሉ ቀድሞት ነግሯታል። ብቻ ካሰረችለት በኋላ ግንባሯን ትከሻው ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ቆየች።

በሳምንቱ እጁ እንደታሰረ ወደ ወፍጮ ቤት ሲሄድ አንዲት የማያውቃቸው ሴት መንገድ ላይ ጠበቁት። ከዳባት በእግራቸው የመጡ ናቸው፤ አቧራው ከእግራቸው አልረገፈም።

«ድራም መቺው አንተ ነህ?» አሉት።

«አዎ፣ እናቴ።»

«እኛ ዘንድ… ዳባት መቼ ነው የምትመጡት?»

«ዘፈን ወደው ነው?» አላቸው ያርጋል ሳያስበው።

ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፉ። «ሁለት ልጆች ነበሩኝ» አሉ።

ያርጋል ግራ ቀኙን አየ። መንገዱ ጭር ብሏል። ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃቸው፦

«ቤትዎ ከገበያው ሜዳ ይርቃል?»