የሰንበቴዋ ህመምተኛ

ከሚሴ ቪዲዮ ቤት በተከፈተ ሰሞን ለእኛ ለሴቶቹ የፊልም መጨረሻ የሚባል ነገር አልነበረም። ፊልሙ ከአስር ሶላት በኋላ ይጀመራል፤ እኛ ደግሞ ጀንበር ጠልቃ መግሪብ ሳይደርስ ቤት መገኘት አለብን። የህንድ ፊልም መች በቀላሉ ያልቅና! ሰውዬው ሊሞት ሲል ይዘፍናል፣ ልትለየው ስትል ትዘፍናለች፣ ፖሊስ ሊይዛቸው ሲል ተያይዘው ይዘፍናሉ። ነገሩ ሲጦፍ እኔና ታላቅ እህቴ ሻርፓችንን አጣፍተን እየተጋፋን እንወጣለን። ወንዶቹ እግራቸውን ዘርግተው ይቀራሉ። ይህ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

እህቴ ግን መጨረሻውን አላየሁትም ብላ አታውቅም። ቦርከና ወንዝ ልብስ ልናጥብ ስንወርድ ሴቶቹ ይከቧትና «በይ እንጂ!» ይሏታል። ካየችው ትነሳና ያላየችውን ራሷ ትፈጥረዋለች። የህንዶቹ ስም ለአፍ ስለማይመች ሁሉንም አገራችን ታመጣቸዋለች። ክፉው ሀብታም የባቲ ግመል ነጋዴ ይሆናል፤ ልጇ የጠፋባት እናት ሰንበቴ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ ባልቴት ትሆናለች። ዘፈኑን ትዘለዋለች። አብሬያት ያየሁት እኔ እንኳ ፊልሙን ረስቼ የእሷን አምን ነበር።

አንድ ቀን ያችን ቅቤ ሻጭ ታማ አልጋ ላይ እንደተኛች ትታት ተነሳች። ልጇ ይድረስላት አይድረስላት ለሚቀጥለው እጥበት አሳደረችው። ወሬው ግን አላደረም። ከወንዝ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ጓዳ ሲቀባበሉት ፊልም መሆኑ መንገድ ላይ ቀረ። ሐሙስ የሰፈሩ ሴቶች ለዱዓ ሲሰበሰቡ እኛም ከእናታችን ኋላ ተቀምጠናል። ዱዓ የሚያደርጉት አሮጊት ጎረቤታችን እጃቸውን ዘርግተው፣ «ያረቢ፣ ያችን የሰንበቴዋን ህመምተኛ አፊያ አርጋት፤ የጠፋ ልጇንም ባይኗ አሳያት» አሉ። ቤቱ ሙሉ «አሚን!» አለ፤ እናቴም ጭምር። እኔ ሳቄ አላስችል ብሎኝ ሻርፔን አፌ ውስጥ ወተፍኩ። እህቴ ግን ፊቷ አመድ መሰለ።

ስንወጣ «አሁኑኑ ንገሪያቸው» አልኳት።

«እንዴት ብዬ? አሚን ከተባለ በኋላ?»

አሮጊቷም በገበያው ቀን አንድ ቅል ወተት ለሰደቃ ይዘው፣ መኪና ተሳፍረው ሰንበቴ ሄዱ። ቅቤ ተራውን ሲያስሱ ውለው፣ ወሬው ከእህቴ አፍ እንደወጣ ተነግሯቸው ቅሉን እንደያዙ ቀጥታ ወደ እኛ ቤት መጡ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያች ሴት ቤቷ በየት በኩል ነው? ብጠይቅ ብጠይቅ የሚያውቃት አጣሁ እኮ» አሏት። አባታችን በር ላይ ቆሞ ይሰማል። እህቴ እያለቀሰች ፊልም መሆኑን ተናገረች።

አባቴ ዱላ የሚያነሳ ሰው አልነበረም፤ ቢያነሳ ይሻለን ነበር። «በሰው ዱዓ ትጫወቻለሽ?» ብሎ ቤት ለቤት እያዞረ አውፍ በሉኝ አስባላት። ሴቶቹ በሳቅ እየፈረሱ «አውፍ ብለናል» አሉ። አሮጊቷ ግን ወደ ሰማይ አንጋጠው፣ «አልሐምዱሊላህ! እንኳንም የታመመ ሰው አልኖረ!» ብለው ግንባሯን ሳሟት። ይህን በጆሮው የሰማ አባት ነገሩን እዚያው መተው ነበረበት። እሱ ግን ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ አላት። እህቴም «ማርሃባ» አለች። እሷ ማርሃባ ካለች አለች ነው። ከዚያ በኋላ ወንዝ ስንወርድ ሴቶቹ ቢለምኗት፣ ቢያባብሏት፣ ልብሷን እያሸች ዝም ትላቸው ነበር። ብዙም ሳትቆይ ተዳረች።

እኔ ተማርኩ፤ አዲስ አበባ ገብቼ የቴሌቪዥን ድራማ መጻፍ እንጀራዬ ሆነ። ስልጠና ላይ አሰልጣኛችን፣ ተመልካች ለባለታሪኩ የሚመኝለት ነገር ከሌለ ድርሰቱ ሞቷል ይለን ነበር። ተመኝቶ ወተት ይዞ የወጣ ተመልካች አውቃለሁ ልለው አሰብኩና ተውኩት። የምጽፈው መጥፎ አይደለም፤ ሰው ይስቅልኛል፣ ቀጣዩ ክፍል መቼ ነው ይለኛል። ግን ይህ ሥራ የእሷ ነበር። ስሜ ስክሪኑ ላይ ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል፤ አባቴንም ነፍሱን ይማረውና እቀየመዋለሁ።

እሱ ካለፈ በኋላ እህቴን ልጠይቅ ከሚሴ ሄድኩ። እሑድ ከሰዓት ድራማዬን ቤቷ አብረን አየን። ባለታሪኳ የሰው በር ላይ ቆማ ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ክፍሉ አለቀ። የእህቴ ትንሿ ልጅ እናቷ ጉልበት ላይ ወጥታ፣ «እማ፣ ይከፍቱላታል?» አለቻት።

እህቴ አፏን ከፈት አደረገች። ዓይኗ ከቴሌቪዥኑ ተነስቶ ሄደ፤ የት እንደሚሄድ ከወንዙ ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከልካይ የለም፣ ሰሚ አለ፤ በይ እንጂ፣ በይ እንጂ እላለሁ በሆዴ።

«እኔ ምን አውቄ» አለቻት፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እየቀነሰች። «አክስትሽን ጠይቂያት፤ የጻፈችው እሷ ናት።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። የሚቀጥለውን ክፍል ልክ እንደተጻፈው ነገርኳት።

«እሺ» አለችና ልትጫወት ወጣች።