ለአባ ገብሬ ያልደረሰው ዳቦ

በኮባ ቅጠል የተጋገረ ድፎ ዳቦ ሲበስል መጀመሪያ የሚሸተው ቅጠሉ ነው፣ ጥቁር አዝሙዱ ኋላ ይከተላል። ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ዘንዘልማ ከሠራሁት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ ይህ ሽታ የጎረቤቴን አጥር ተሻግሮ መጣብኝ፣ ቀኑን ባስበው ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ምራቁን ይውጥ ነበር፤ እኔ ግን ፊቴ ጋለ። የዚህን ነገር ምክንያት እስከ ዛሬ ለልጆቼም አልነገርኋቸውም።

በደርግ ጊዜ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ የቀበሌ ቤት ነበር። እናቴ ጥሩወርቅ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፣ እንደ እርሷ ለሥራ ከየአገሩ ከመጡ ሰዎች ጋር ዐሥራ ሁለት ሆነው በየወሩ እየተዘዋወሩ የሚካኤልን ጽዋ ይጠጡ ነበር። ዘመኑ እንዲህ ያለ ስብሰባ የሚያስጠረጥርበት ስለነበር መስኮት ዘግተው፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እየዘመሩ፣ አንድ በአንድ መጥተው አንድ በአንድ ይበተኑ ነበር። አንድ ደንብ ግን ፈርተው እንኳ አልተዉም። ዳቦው ሲቆረስ የመጀመሪያው ቁራሽ የየኔ ቢጤ ድርሻ ነበር፣ ልጅ ተልኮ ያደርሳል፣ ልጁ ተመልሶ የተቀባዩን ምርቃት ቃል በቃል እስኪናገር ድረስ አንድም ሰው አይቀምስም። ከማኅበርተኛው ልጆች ታላቋ እኔ ስለነበርሁ፣ ተራው የማንም ይሁን የማን የምላከው እኔ ነበርሁ።

ተቀባዩ አባ ገብሬ ነበሩ። በጉልበታቸው ዘመን በታንኳ ለደሴት ገዳማት እህል ሲያመላልሱ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲጠፋ ሐይቁ ዳር ካለችው ዋርካ ሥር ተቀምጠው የሰው እጅ የሚጠብቁ ሽማግሌ ነበሩ። ክረምቱን ሁሉ፣ ሐይቁ እስከ ዋርካዋ ሥር ሞልቶ ሳለ፣ ዳቦውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መጀመሪያ ያሸቱት ነበር፣ ከዚያ ይመርቁኛል፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ውኃው መልሰው ነፋሱን እያሸተቱ «ዛሬ ዓሣ አይወጣም፣ ማዕበል አለ» ይሉኝ ነበር። የሚሉት ሁሉ ልክ ይሆን ስለነበር ከእሳቸው ዘንድ መሄድ ያስደስተኝ ነበር።

መስከረም ሲጠባ የቀበሌያችን ልጆች የኪነት ቡድን ተቋቋመና ድምፅሽ ጥሩ ነው ተብዬ ገባሁ፣ ቀይ የአንገት ሻርፕ ታደለን፣ የምንለማመድበት አዳራሽም ከዋርካዋ ፊት ለፊት ነበር። በጥቅምት ሚካኤል ዳቦውን ይዤ በዚያ ሳልፍ አሠልጣኛችን ደጃፉ ላይ ቆሞ አየኝ።

«እሜቴ፣ የቄስ ዳቦ ተሸክመሽ ነው ስለ አብዮት የምትዘምሪው?» አለኝ።

ልጆቹ ሳቁ፣ የሚብሰው ግን እኔም አብሬ መሳቄ ነው።

በኅዳር ሚካኤል ዳቦውን ከሹራቤ ሥር ደብቄ፣ በአዳራሹ ጓሮ ዞሬ፣ አባ ገብሬን በእግሬ ጣቶች እየተራመድሁ አልፌ ሐይቁ ዳር ከበቀለው ደንገል ውስጥ ገባሁና ወደ ሐይቁ ወረወርሁት። ዓሦቹ ውኃውን እያርገበገቡ ሲሻሙበት አየሁ፣ እዚያው ቆሜም ምርቃት ፈጠርሁ።

«ምን አሉ?» አለችኝ እናቴ ስመለስ።

«‹ሚካኤል ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ› አሉ» አልሁ።

ዐሥራ ሁለቱም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «አሜን» አሉና በሉ።

ከዚያ ወዲያ ለመድሁት። ታኅሣሥም፣ ጥርም፣ የካቲትም እንዲሁ አለፉ፣ ውሸቴም እየሠለጠነ ሄዶ አንዱ ማኅበርተኛ «የአባ ገብሬ ምርቃት እያማረ ነው የሄደው» እስከማለት ደረሱ። በመጋቢት ሐይቁ ሸሽቶ የደንገሉ ሥር ጭቃ ሆነብኝና ውኃው ድረስ ለመድረስ ከአባ ገብሬ አጠገብ፣ እጃቸውን ቢዘረጉ በሚነኩኝ ቦታ ማለፍ ነበረብኝ። ሳልፍ ፊታቸውን ቀና አድርገው ወደ እኔ ያዞሩ ነበር፣ እኔም እንኳን አያዩ እያልሁ አልፍ ነበር። በሚያዝያ ማብቂያ በላብ አደሮች ቀን ሻርፔን አሥሬ ከፊት መስመር ቆሜ ዘመርሁ፣ እናቴም ከሕዝቡ መካከል ሆና አጨበጨበችልኝ።

ሰኔ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ስለሆነ እናቴ «ዛሬስ እኔው አደርሳለሁ» ብላ ዳቦውንና ጠላውን ይዛ ተነሣች፣ እኔን አስከተለችኝ። ከኋላዋ እየተጎተትሁ ሄድሁ።

«እንደምን ሰነበቱ አባ ገብሬ? ለመሆኑ ይህች ልጄ በየወሩ ታደርስልዎታለች?» አለቻቸው።

ቁራሹን እንደ ልማዳቸው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ሽታው አንድም ወር ቀርቶብኝ አያውቅም» አሉ።

እናቴ ደስ ብሏት ጠላውን ልትቀዳ ዞር ስትል እጃቸውን ዘርግተው ክንዴን ያዙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እግርሽን እኮ አውቀዋለሁ። ሰው ፈርተሽ ነው፣ አይዞሽ። ፍርሃቱ ሲለቅሽ ትመጫለሽ።»

ሰባት ወር ሙሉ የተራበ ሆዳቸው ዳቦውን በሽታው ሲከተለው ኖሯል። ቢቆጡኝ፣ ለእናቴም ቢነግሩብኝ፣ አንድ ቀን አልቅሼ እረሳው ነበር።

ሐምሌ ሚካኤል ዝናቡ ዶፍ ነበር፤ ዳቦውን በግልጽ ይዤ በአዳራሹ ፊት ለፊት አለፍሁ፣ ግን ደጃፉ ላይ ያየኝ ሰው ስላልነበረ ድፍረት ነው ብዬ አልመካበትም። ዋርካዋ ሥር ማንም የለም። መረቡን ይጠቀልል የነበረ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ዘመዶቻቸው በታንኳ መጥተው ከሐይቁ ማዶ ወደ አገራቸው እንደወሰዷቸው ነገረኝ። ዳቦው በእጄ ላይ ራሰ። ቤት ስመለስ ሁሉም ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ «ሄደዋል» ብቻ አልሁ፣ የቀረውን ነገር ዋጥሁት።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ያን ክፉ ጊዜ በሰላም ያለፍነው በአባ ገብሬ ምርቃት ነው ትል ነበር። ያን ምርቃት የፈጠርሁት እኔ ነኝ ለማለት ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ፣ ብዙ ጊዜ ዘጋሁት።

አሁን ማንም «የቄስ ዳቦ» ብሎ አይስቅብኝም። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ መኝታ ቤቴ ድረስ ይመጣል፣ እኔም መስኮቱን ዘግቼ እተኛለሁ። ሐይቁን የማየው ከመኪና ውስጥ፣ መብራት ሲይዘኝ ነው፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ብጠየቅ አላውቅም። በዚህ ቤት አራት ዓመት ስኖር ከአጥሩ ወዲያ ያለችውን ሴት ስም አልጠየቅሁም፤ አጥሩን ከፍ ያስደረግሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ያ ሽታ በመጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የግቢዬ በር ተንኳኳ። የሚለምን ሰው መስሎኝ ዝም አልሁ። ደግሞ ተንኳኳ፣ ደግሞ ዝም አልሁ። ኮቴው ሲርቅ ተነሥቼ በበሩ ቀዳዳ ባይ፣ አንዲት ልጅ በነጭ ጨርቅ የሸፈነችውን ሰሐን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ጎረቤቴ ቤት ስትመለስ አየኋት። እዚያ ቤት «ምን አሉ?» ብለው ሲጠይቋት ምን ብላ ይሆን?

አባ ገብሬ ፍርሃቱ ሲለቅሽ ትመጫለሽ ብለውኝ ነበር። ፍርሃቱ ከለቀቀኝ ብዙ ዘመኑ ነው። አልመጣሁም።