ከውሃው ሥር ያሉት መርገጫዎች

አማቴ አርባ ዓመት ሙሉ ጉድጓድ ሲጠርጉ ኖረዋል። የሰፈሩ ሰው «አባ ገመድ» ይላቸዋል፤ ፊት ለፊት ግን የሚደፍር የለም። እሳቸውን የሚያስፈራ ነገር ያልተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። ልጃቸውን ለጋብቻ ልጠይቅ የሄድኩ ቀን እንኳ የተንቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ።

መንደራችን የተሠራው በጥንት ከተማ ፍርስራሽ ላይ ነው፤ የምንጠጣውም እነዚያ ሰዎች ከቆፈሩት ጉድጓድ ነው። እነማን እንደነበሩ የሚያውቅ የለም። አንድ ጊዜ ተመራማሪዎች መጥተው ድንጋዩን ለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ «ይህ ታላቅ ሕዝብ በድንገት ጠፋ» ብለው ሄዱ። አማቴ ሳቁ።

«በድንገት የሚጠፋስ ቁልፍ ነው» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅንም።

ዘንድሮ ውሃው ሸሸ። ባልዲው ጭቃ ይዞ ይወጣ ጀመር። አማቴ ወርደው ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። ጉድጓዱ ከታች ይጠባል፤ ከጠባቡ ቀዳዳ ሥር ውሃ ይሰማል፣ የእሳቸው ትከሻ ግን አያልፍም። ጎረቤቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተሰብስቧል። ያን ጊዜ፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው፣ «የእኔ ልጅ ቀጭን ናት፤ በገመድ ታስራ ብትወርድ ደለሉን በጣሳ ትዝቀዋለች» ያልኩት እኔው ነኝ። ልጄ ገና ስምንት ዓመቷ ነው። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ባለሱቁማ ጎበዝ ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

አማቴ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«መጀመሪያ አንተ ትወርዳለህ» አሉኝ።

ወረድኩ። ምን እደብቃለሁ፣ ፈርቼ ነበር። በግንባሬ ባትሪ ግድግዳውን አየሁት። ከላይ ድንጋዩ ተስተካክሎ ተጠርቧል፣ ዓሣና ወፍ ተቀርጾበታል፤ የእግር መርገጫውም ሰፊ ነው። ዝቅ ስል ቅርጹ ቀረ፤ መርገጫው በጥድፊያ የተፈለፈለ ሆነ። ጉድጓዱ የሚጠብበት ቦታ ስደርስ ደግሞ መርገጫዎቹ ትንንሽ ሆኑ። እጄን ከተትኩ፤ አራት ጣቴን ብቻ ያዘ። የአዋቂ እግር አይገባበትም። ውሃው የጥንቶቹንም ሰዎች ሸሽቷቸዋል። እነሱም ዘንድ ልጄ ቀጭን ናት ያለ አባት ነበር። ሳብ አድርጉኝ ብዬ ጮህኩ።

«እነዚያን የልጅ መርገጫዎች ከአርባ ዓመት በፊት ከውሃው ሥር በእጄ ዳስሼ አገኘኋቸው» አሉኝ አማቴ ስወጣ። «ብነግራችሁ የት ትሄዳላችሁ ብዬ ዋጥኩት።»

«ታዲያ ምን ይሻላል አባባ?»

አማቴ ቢላዋቸውን አውጥተው ገመዱን ቆረጡና ወደ ጉድጓዱ ለቀቁት። ጎረቤቱ ተንጫጫ፣ ባለሱቁ ተሳደበ። ሚስቴ ቤት ገብታ ልብስ ማጠፍ ጀመረች።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃችንን በጭነት መኪና ጭነን ከአማቴ ጋር ተነሣን። ልጄ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አጥብቄ ስለያዝኳት «አባዬ አመመኝ» ትላለች። መኪናው ጉድጓዱን አልፎ ሊታጠፍ ሲል ወደ ኋላ ዞርኩ። ባለሱቁ አዲስ ገመድ ተሸክሞ ይሄዳል። ትንሿ ልጁ ጣሳ ይዛ እየዘለለች ትከተለዋለች።

«አቁም!» አሉ አማቴ። መኪናው እስኪቆም እንኳ አልጠበቁም።