ለእናቱ ያልነገርናቸው ሦስት ቀናት

በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አምስት ነበርን። አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት፣ ዴንቨር መጥተው ታክሲ የሚነዱት፣ በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ ጋሽ በቀለ፤ ከሱዳን ካምፕ አብረው የመጡት ወንድማማቾች ሰይፉና ግርማ፤ ዲያቆን ፍሥሐ፤ አምስተኛው እኔ። ስድስተኛው ጓደኛችን ዮናስ ከመስታወቱ ወዲያ አልጋ ላይ ነበር።

ይህን ዝርዝር እስከ ዛሬ በወረቀት አስፍሬው አላውቅም። ያጻፈኝ ናሆም ነው። ናሆም እዚሁ ዴንቨር አጠገብ ሴንቴኒያል ተወልዶ ያደገ ትሑት ወጣት፣ የእድራችንም ጸሐፊ ነው። ለእድሩ የምሥረታ በዓል መጽሔት ሊያሳትሙ ስለሆነ ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ፔጅ ብቻ ይጻፉልን። እንዴት እንደተጀመረ። ያቺን የፖርቱጋል ንግሥትም ይጨምሩልን፤ ሰው በጣም ላይክ ያደርጋታል።»

«እንዴት እንደተጀመረ፣ ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ግን ጋሼ፣ ትንሽ ፖዘቲቭ ይሁን።»

በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ስለ ንግሥቲቱ የምናገረው እኔ ነኝ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የኖረች የንጉሥ ሚስት ናት። በመንገድ ስታልፍ ድሆች ሽታው በሚከረፋ ፍልውኃ ገላቸውን ሲታጠቡ አይታ፣ እዚያው ቦታ ላይ ሆስፒታል አሠራችላቸው። ባሏ ከሞተ በኋላ ደግሞ የምሕረት ማኅበር አቋቋመች። አባላቱ የታመመ ይጠይቃሉ፣ እስረኛ ይጎበኛሉ፣ ወገን የሌለውን ሬሳ ተሸክመው ይቀብራሉ። ማኅበሩ ዛሬም አለ። «ታዲያ ከእኛ እድር በምን ይለያል?» እላለሁ። ጉባኤው ያጨበጭባል፤ ምግቡም ይቀርባል። በእነዚህ ሁሉ ንግግሮቼ ውስጥ ግን የንግሥቲቱን ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ አንሥቼው አላውቅም።

በዚያ ዘመን ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቀን በዴንቨር መሐል ከተማ መኪና ማቆሚያ እሠራለሁ፤ ማታ ታሪክ እማራለሁ። የንግሥቲቱን ሕይወት የሚተርከውን መጽሐፍ ለአንድ የጥናት ጽሑፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ በካፖርቴ ኪስ ይዤው እዞር ነበር። ዮናስ እኩያዬ ነው። ከአራት ወር በፊት እናቱን እማማ የሺን ከአገር ቤት አምጥቶ እዚያው ዴንቨር ጥግ ግሌንዴል ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት አፓርትመንት ተከራይቶ ያኖራቸው ነበር። ከእሳቸው በቀር ወገን የለውም፤ እሳቸውም ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ለእኔ ለላጤው ጎመን በሥጋ በባዶ የአይስክሬም ዕቃ ሞልተው ይልኩልኝ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት የሚወጣው የቅቤና የኮረሪማ ሽታ ዛሬም አልጠፋኝም።

ኅዳር ውስጥ አንድ ጧት፣ ቀልጦ የነበረው በረዶ ሌሊቱን መልሶ መስታወት በሆነበት ጧት፣ ዮናስ ወደ ሥራ ሲነዳ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ መኪናው ተንሸራትታ ከምሰሶ ጋር ተላተመች።

ኮሪደሩ ላይ የተመካከርነው ዐሥር ደቂቃ አይሞላም።

«እትዬ የሺ ልባቸው ደካማ ነው» አሉ ጋሽ በቀለ። «በዚህ ሁኔታ ቢያዩት ሁለት ሬሳ ይሆንብናል። ሲሻለው እንነግራቸዋለን።»

«ባይሻለውስ?» አለ ግርማ።

«ባይሻለው በወጉ እናረዳቸዋለና! ምን የማናውቀው ነገር አለ?»

ሰይፉ ሥራ ፑዌብሎ የሚባል ከተማ ልኮታል እንበላቸው አለ። ዲያቆኑ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝምታዬንም ጨዋነት አደረግሁት። ወዲያው ዶሎረስ የምትባል አጠር ያለች ነርስ ከክፍሉ ወጥታ፣ እንግሊዝኛ የሚችለው የትኛችሁ ነው አለች። አራቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«እዚህ ከተማ ውስጥ ቤተሰብ አለው?»

«የለውም» አልኳት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ መጽሐፉን ገለጥሁ። የንግሥቲቱ አንድያ ልጅ በወንዝ ዳር ሲጋልብ ከፈረስ ይወድቃል። ዓሣ አጥማጆች አንሥተው ወደ ጎጆ ያስገቡታል፤ በመረባቸው ነው የተሸከሙት ይባላል። እናቱ ሰምታ ትደርሳለች፤ ነፍሱ እስኪወጣ ድረስም አጠገቡ ትቆያለች። ከዚያ በኋላ መረቡን የራሷ ዓርማ አደረገችው። እነዚያ ዓሣ አጥማጆች ይነገራት ወይስ አይነገራት ብለው አልተማከሩም። ቦታው ላይ በእርሳስ አሰመርኩበት። አሰምሬም መጽሐፉን ዘጋሁት።

በማግሥቱ ከግርማ ጋር ግሌንዴል ሄድን። እማማ የሺ ሹራብ አጥፈው ጠበቁን።

«ያ የሄደበት አገር ብርድ ነው አሉ። አድርሱልኝ። ስልክ ያጣ ነው እንዴ የኔ ልጅ?»

«ሥራ በዝቶበት ነው፣ እማማ» አልኩ።

ሹራቡን ተቀበልኳቸው። ዮናስ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዐረፈ።

በአራተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ አምስታችንም በራቸውን አንኳኳን። አምስት ወንድ ተሰልፎ ሲያዩ ሳንነግራቸው ገባቸው።

«መቼ?» አሉ።

«ትናንት፣ በድንገት» አሉ ጋሽ በቀለ።

«ሳይታመምብኝ?»

«ሳይታመም።»

የቀበርነው ከጎረቤቷ ከተማ ከኦሮራ ዳር በሚገኝ መካነ መቃብር ነው። ነፋሱ ፊት ይቆርጣል፤ በማሽን የተቆፈረው አፈር ድንጋይ ሆኗል። ሥርዓቱ ሲያልቅ ዶሎረስ ከሰዎች መካከል ወጣች። የዕረፍት ቀኗ ነበር፤ ወገን የሌለው ሰው ነው ብላ ቀባሪ ልትሆንለት መጥታ ነው። እማማ የሺን ስታያቸው በጣም የሚወዱት ጎረቤት መስለዋት እጃቸውን ያዘች፤ እኔ እንዳስተረጉም ጠየቀችኝ።

«ሦስት ቀን ሙሉ የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነበር» አለች። «ትርጉሙን አላውቀውም። እማዬ፣ እማዬ ይል ነበር።» ቃሉን አጥርታ ነው የተናገረችው። ሦስት ጣቶቿንም አነሣች።

«አልተሠቃየም ነው የምትለው» ብዬ ተረጎምኩ።

እማማ የሺ የነርሷን ጣቶች አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«እማዬ ማለትን ማን አስተማራት?»

ጋሽ በቀለ፣ «እትዬ የሺ፣ እንግዲህ ይጽናኑ» ብለው ጀመሩ።

«አንተን አልጠየቅሁም» አሏቸው። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ የተማርክ ነህ። ያለችውን ንገረኝ» አሉ።

ነገርኳቸው። ሦስቱን ቀን ነገርኳቸው፤ «የለውም» ያልኩትንም ነገርኳቸው። ለዶሎረስም እኚህ ሴት እናቱ መሆናቸውን፣ ቤታቸውም ከሆስፒታሉ የዐሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ መሆኑን ነገርኳት። ክንዴን ይዛ ነበር፤ ለቀቀችኝ።

እማማ የሺ አልጮኹም። «ከእንግዲህ የታመመ ሰው እናቱ ይነገራት» አሉ። «በዚያው ሰዓት ይነገራት። የምትሞትም እንደሆነ ወደ ልጇ ስትሮጥ ትሙት።»

በዚያ ቀብር ሰበብ የተመሠረተው የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ የመጀመሪያው አንቀጽ ይህ ነው፤ እኔ በደረቅ ቋንቋ ጻፍኩት እንጂ ቃሉ የእሳቸው ነው። እማማ የሺ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በአውቶቡስ ወደዚያው ሆስፒታል እየሄዱ፣ ዶሎረስ ጠያቂ የለውም ካለቻቸው ሰው አጠገብ ይቀመጡ ነበር። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ እጅ ይይዛሉ። የእኔንም ሰላምታ ይመልሱልኝ ነበር። ምግብ ግን ዳግመኛ አልላኩልኝም።

ንግሥቲቱ ስትሞት ሰው ሁሉ ረግጦ በሚያልፍበት መተላለፊያ፣ ከመሬቱ ጋር በተስተካከለ መቃብር ቅበሩኝ ብላለች። የታሪክ መምህር ከሆንኩ ወዲህ ለተማሪዎቼ ይህን የትሕትና ምሳሌ አድርጌ ሳስተምር ኖርኩ። አሁን ሳስበው፣ ያን ሁሉ ሰው ያጀበችና ያስቀበረች ሴት ቢያንስ ጎጆው ደርሳ ነበር። የእኛዋ አልደረሱም። የከለከልናቸውም ክፉዎች ሆነን አልነበረም፤ ይህ ደግሞ ነገሩን አያቀልልኝም።

ጽሑፉን ለናሆም ላክሁለት። ማታውን ደወለ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ... የሰዎቹ ልጆች አባላት ናቸው።»

«የእነሱን ስም ቀይረው። የእኔን እንዳትነካው።»

ያን ዕለት ከመቃብሩ ስንመለስ፣ እማማ የሺን ተከትለን የለቅሶ ቤቱን ደረጃ የወጣነው ግርማና እኔ ነበርን፤ ሦስቱ ከመኪናቸው አልወረዱም። ግርማን አምና ቀበርነው። ከአምስታችን የቀረው አንድ ነው።