ለሐሊማ የቀዳሁት ብርዝ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለልጆቼ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም እንኳ አልነገርኩም። ጾም ሊገባ ሲል ፊታቸው ተንበርክኬ ጎረቤት ማማቴን፣ ልጆቼን መራገሜን፣ በረቡዕ ቀን ሳላስበው ቅቤ የነካው ማንኪያ መላሴን ሁሉ እዘረዝራለሁ። «ሌላስ አለ ልጄ?» ይሉኛል። «የለም አባ» እላለሁ። ማንኪያ መላሷን የምትናዘዝ፣ የሰው ልጅ ስም መብላቷን ግን የምትደብቅ ሴት ምን ትባላለች?

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቀረ፤ ፍርሃቴ ግን ከእኔ ጋር አደገ። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገዩ ነጠላዬን አንስቼ መንገድ ላይ ነኝ። እሳት ማጥፋቴን ደጋግሜ ሳላይ አልተኛም። ሰው ግን ይህን ፍርሃት ብሎ አይጠራውም፤ «የሺ ጠንቃቃ ናት» ነው የሚለኝ። ያን ስም ወደድኩት። ስሙን ላለማጣት ያደረግሁትን አሁን እነግራችኋለሁ።

ቤቴ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ከኮረብታ ሥር ነው። ኮረብታው ላይ የድሮ ግንብ ፍራሽ አለ። ግማሽ ግድግዳ ቀርቶታል፣ አንድ ቅስት በር አለው፣ ውስጡ ወይራ በቅሎበታል። ለእኛ ያ ግንብ የጠፋ ጥጃ የምንፈልግበት ቦታ ነበር። የሚጎበኝ ቦታ ያደረገችው ሐሊማ ናት።

ሐሊማ የጎረቤታችን የጋሽ እንድሪስ ልጅ ናት። ጋሽ እንድሪስ ገበያ ዳር በስፌት መኪና ልብስ ይሰፉ ነበር። እነሱ እስላም፣ እኛ ክርስቲያን፣ በመካከላችን አንዲት የቁልቋል አጥር። ሥጋችን አይገናኝም፤ ሌላው ሁሉ ይገናኛል። ለእነሱ ብቻ የማስቀምጠው ድስትና ጣሳ ነበረኝ፤ ከሌላው ዕቃ ጋር አላጥበውም። የሐሊማ እናት ልጅቷ ገና ትንሽ ሳለች ስለሞተች፣ ግማሹን ያደገችው ከልጄ ከማስተዋል ጋር እኔ ጓዳ ውስጥ ነው። ጋሽ እንድሪስ አንድም ቀን «ምን አብልተሻት ነው?» ብለውኝ አያውቁም። አያስፈልጋቸውም ነበር። እኔ ጠንቃቃ ነኛ።

ሐሊማ ኮሌጅ ተምራ ስትመለስ እንግዶችን ግንቡን ማስጎብኘት ጀመረች። የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ሰዎች። ጠዋት ኮረብታው ላይ ታወጣቸዋለች፤ ቀትር ላይ እኔ ቤት ታወርዳቸዋለች። እኔ ጠጅ አስቀምሳቸዋለሁ፤ ከዚያ ምሳ ይበላሉ። ሐሳቡ የእሷ ነበር። «እትዬ የሺ፣ ግንብ ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው ርቦት ነው የሚመለሰው። የራበው ሰው ደግሞ ስለ ግንብ ክፉ ነው የሚያወራው» ብላ አሳቀችኝ። እንዲህ ነው ሥራ የሰጠችኝ። አዎ፣ እሷ ናት ለእኔ ሥራ የሰጠችኝ።

ጠጁን ሦስት ዓይነት አድርጌ አቀርብ ነበር፤ ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ። እኔ በብርሌ እቀዳለሁ፤ ሐሊማ እኔ የነገርኳትን ይዛ እያንዳንዱን ታስተዋውቃለች። እሷ ግን አትቀምስም። ለእሷና ለማይጠጡት ማር በውኃ በጥብጬ፣ ጌሾ ያልነካው ብርዝ አዘጋጃለሁ። እንግዶቹ ይቀልዱባታል። «ያልቀመስሽውን እንዴት ታስተዋውቂያለሽ?» ሲሏት፣ «ግንቡ ሲሠራስ እኔ መች ነበርኩ?» ትላለች። ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

አንድ እሑድ ብዙ ሰው ይመጣል ተባለ። ከእንግዶቹ ጋር የቱሪዝም ቢሮው ኃላፊም አለ፤ ሐሊማን በቋሚነት አስጎብኚ አድርጎ ለመቅጠር ሥራዋን ሊያይ ነው። ልጅቷ ከደስታዋ ብዛት ሳምንቱን ሙሉ ቤቴን ስትመላለስበት ከረመች። እኔም ተጨነቅሁ። ዕቃ አነሰኝ፤ ብርዙን ጠጅ በነበረበት ጋን በጠበጥኩት። ጋኑን አለቅልቄዋለሁ እንጂ አላጠንኩትም። ቅዳሜ ሊመጡ የነበሩት ደግሞ በዝናብ ምክንያት ወደ እሑድ ተዛወሩ፤ ለእነሱ የበጠበጥኩት ብርዝም አንድ ቀን ጨምሮ ጋኑ ውስጥ አደረ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ክዳኑን ስከፍት ሽታው ነገረኝ። በጣሳ ቀድቼ ቀመስኩት። ምላሴን ቆነጠጠኝ። ጠጅ ስጥል ዕድሜዬን የፈጀሁ ሴት ነኝና አላወቅሁም ልል አልችልም። ፈልቷል። ብርዝ መሆኑ ቀርቷል።

ማር አልነበረም ወይ? ነበረ። ጓዳዬ ውስጥ ለሚቀጥለው ጠጅ ያስቀመጥኩት ማር ነበረ። አንድ ማሰሮ ውኃ ማምጣትና መበጥበጥ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ምንም። ግን እንግዶቹ ከኮረብታው ሲወርዱ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር፤ ወጡም ገና ከእሳት አልወረደም፤ ማሩንም ሰሰትኩት። «ትንሽ ነው የቆነጠጠው፤ በዚህ ማን ይሰክራል?» አልኩ በልቤ። እኔ ለእኔ ብዬ አልቀመስኩትም፤ ለሐሊማ ብዬ ነው የቀመስኩት። ቀምሼ፣ አውቄ፣ መልሼ ከደንኩት።

እንግዶቹ ፀሐይ አቃጥሏቸው ገቡ። ሐሊማ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር። የግንቡ ኖራ በእንቁላል ነው የተቦካው የሚለውን ታሪክ ነግራቸው ኖሮ፣ አንዱ መምህር «እንቁላሉን ሁሉ ለግንብ ጨርሰው እኛን አስራቡን» ይላል። «የተረፈውን እትዬ የሺ ዶሮ ወጡ ውስጥ ከተውታል፣ ይታገሡ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እትዬ የሺ፣ በውኃ ጥም ልሞት ነው፤ ብርዜን» አለችኝ።

ቀዳሁላት። በእጄ ነው የሰጠኋት። እስከ አንገቱ የሞላውን ብርሌ ጭልጥ አድርጋ ደገመች። «ዛሬስ ጣፍጧል» አለችኝ። ሠለሰች።

ለስላሳውን በደንብ አስተዋወቀች። መካከለኛው ላይ ሳቋ በዛ። ደረቁ ላይ ስትደርስ ቃላቱ ምላሷ ላይ ይጋጩ ጀመር፤ ፊቷ ቀላ፤ ልትቀመጥ ስትል በርጩማውን ሳተችው። «አስጎብኚያችን ደረቁን ከእኛ ቀድማ ጎብኝታዋለች!» አለ ያ መምህር። ሁሉም ሳቀ። ኃላፊው ብቻ አልሳቀም።

ሐሊማ ተነሣች። ሳቋ ድርቅ አለ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ።

«እትዬ የሺ፣ የሰጡኝ ብርዝ ነው አይደል?»

ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ምን ይመጣብኝ ነበር? እፍረት። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ወር እፍረት። «ተሳስቼ ነው፣ ፈልቶብኛል» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን የታየኝ የእስላሙ ሰፈር ሁሉ ከቤቴ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ሲቀር ነው። የታየኝ «ጠንቃቃዋ የሺ የእስላም ልጅ ጠጅ አጠጣች» ሲባል ነው። እንዲህ አልኩ፦

«ብርዝ ነው የሰጠሁሽ። ምናልባት ስታሳዪአቸው ከሌላው ብርሌ ቀምሰሽ ይሆናል።»

ይህ ነው የእኔ ኃጢአት። ብርዙ አይደለም። ብርዙ ስስት ነው፤ ይህኛው ግን ሰው መግደል ነው። ልጅቷ ዞር አለች። ነጠላዋን አንስታ ወጣች። እኔ ምሳውን አቀረብኩ። አዎ፣ ምሳውን አቀረብኩ፤ እንግዶቹም በሉ፤ «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ።

በማግሥቱ ጋሽ እንድሪስ ከደጄ መጡ። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«የማስተዋል እናት» አሉኝ፣ «ገበያው ሁሉ ልጅህ ጠጅ ጠጥታ ወደቀች ይለኛል። እሷ የተሰጠኝን ብርዝ ብቻ ነው የጠጣሁ ትላለች። አንቺ እናቷ ነሽ። አንቺ ያልሽኝን አምናለሁ፤ ጠጥታለች?»

«ስትጠጣ አላየሁም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ተንኮሉን አያችሁት? አልዋሸሁም ለማለት የመረጥኩት ቃል ነው። አላየሁም ማለት አልጠጣችም ማለት አይደለም፤ እሳቸውም እንደዚያው ነው የገባቸው። አንገታቸውን ደፍተው «ደብቃ ነዋ» አሉ። ሄዱ። እኔ የበሩን መቃን ተደግፌ ቀረሁ። ልጠራቸው እችል ነበር። ጀርባቸው እስኪሰወር ድረስ ጊዜ ነበረኝ።

ቢሮው ሐሊማን አልቀጠራትም። አባቷም ከዚያ ወዲያ ኮረብታው ላይ አላስወጧት። ሊያገባት ጠይቆ የነበረ የአንበሳሜ ነጋዴ ሐሳቡን ቀይሮ የላካቸውን ሽማግሌዎች መለሰ። ብዙ ሳትቆይ አረብ አገር ሄደች። ስትሄድ ልትሰናበተኝ አልመጣችም፤ ማስተዋል አለቀሰች፣ «ምን አደረግናት?» አለችኝ። «እኔ እንጃ» አልኩ።

እኔስ? እኔ ሰው ማስተናገዴን ቀጠልኩ። ሌላ አስጎብኚ መጣ። ዝም ያልኩት ለልጆቼ ስል ነው እያልኩ ልጆቼን በዚያ አሳደግሁ። ሰው አሁንም ጠንቃቃ ይለኛል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሐሊማ ተመለሰች። ከስታ፣ ረጋ ብላ። አንድ ቀን ማለዳ ቤቴ መጣች። ውኃ ሳቀርብላት የያዘችውን የፕላስቲክ ውኃ አሳየችኝ፤ ይህን ስታደርግ ልታሳፍረኝ ብላ አልነበረም፤ ለምዶባት ነው።

«እትዬ የሺ፣ ልወቅስዎት አልመጣሁም» አለችኝ። «ያኔ ግራ ቢገባኝም በኋላ ያሰከረኝ ብርዙ እንደነበረ ገብቶኛል። ለእኔ ይቅር። አባባ ግን አርጅቷል። ያን ሁሉ ዓመት ስልክ ስደውልለት ‹ያንን ነገር አላህ ይቅር ይበልሽ› ሳይለኝ ዘግቶ አያውቅም። ባልሠራሁት ነገር። ሳይሞት ይንገሩልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

«እነግራቸዋለሁ፣ በማርያም» አልኳት። ማርያምን ጠርቼ።

ቤታቸው ከአጥሩ ማዶ ነው። ስንት እርምጃ ነው? ለበዓል ዳቦ ይዤ እኮ ደርሼ እመለሳለሁ። ዛሬ እንግዳ አለባቸው አልኩ። ዛሬ ዝናብ ነው አልኩ። ሲታመሙ ደግሞ፣ በሽተኛ ሰው ማስደንገጥ ጥሩ አይደለም አልኩ። ልጠይቃቸው ገብቼ ራስጌያቸው ተቀመጥኩ፤ እጄን ይዘው «የማስተዋል እናት፣ አንቺ ጥሩ ጎረቤት ነሽ» አሉኝ። አፌ ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁት። በሳምንቱ ሞቱ።

ለቅሶ ቤት ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ሐሊማ ማስታጠቢያ ይዛ እየዞረች ታስታጥባለች። እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ፣ ማንም ሳይሰማ «ነገሩት?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ ብዬ።

«ምን አለ?»

«‹ልጄን በድያታለሁ፣ አውፍ ትበለኝ፣ ይቅር ትበለኝ› አሉ» አልኳት።

ውኃው ከእጇ ፈሰሰ። ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች፤ የሰማሁት ለቅሶ ግን የሐዘን አልነበረም። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ። እሷ የእኔን ጉልበት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሐሊማ ሌላ ሰው ሆናለች። ፊቷ በርቷል ይላል ሰፈሩ። ባየችኝ ቁጥር ቆማ ታመሰግነኛለች። ቤቴ መጥታ ውኃዬን ጠጣች። ያቀረብኩላትን ሳትፈራ፣ ሳታሸት ጠጣችው፤ እኔ ግን ስትውጥ ማየት አልቻልኩም።

ሰላም ያገኘችውን ልጅ መልሼ ላውካት ወይ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ለእሷ ስል ዝም ልበል አልኩ። ግን ያኔም ለልጆቼ ስል ነው ያልኩት። ጋሽ እንድሪስ ሲታመሙም ለእሳቸው ስል ነው ያልኩት። ሁልጊዜ ለሰው ስል ነው ዝም የምለው፤ ሁልጊዜ ግን የምተርፈው እኔ ነኝ። አሁንም ተናግሬ ራሴን ላቀልል ብቻ ከሆነ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ይህንንም አላስተባብልም። ይቅር በሉኝ ብዬ የምለምነው አንባቢ የለም። እናንተን አልበደልኩም።

ይህን ወረቀት ከማንም በፊት ለሐሊማ በእጇ እሰጣታለሁ። ጨርሳ እስክታነብ ከፊቷ አልሄድም።

ሐሊማ፣ አባትሽ ያን ቃል አላሉም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ጠጅ ጠጥታለች ብለው እንዳመኑ ነው የሞቱት፤ ያሳመንኳቸውም እኔ ነኝ። አልነገርኳቸውም።