ምንጣፉ እስኪደርቅ

ባሌ ከሐጅ ሲመለስ ለእኔ አንድ ብልቃጥ ሽቶና መቁጠሪያ አመጣልኝ። ለበቆጂዋ ሚስቱ የሐር ምንጣፍ አመጣላት።

ነገሩን ከዚህ ብጀምረው ይሻላል፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። አሰላ ያለሁት እኔ የመጀመሪያዋ ሚስት ነኝ። ሁለተኛዋ በቆጂ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ በጣም የምታንስ፣ የገብስ ገበሬ ልጅ። ባሌ የእህል ነጋዴ ነበር። ገብሱንና ስንዴውን በቆጂ ይገዛል፣ አሰላ መጋዘን ያስገባል፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። ስለዚህ ሁለት ቤት ማቆሙ ለንግዱም ይመቻል ተባለ። ያለው እሱ ነው፤ እኔ አላልኩም።

ምንጣፉን ለምን ለእሷ እንዳደረገው ብጠይቀው፣ «በቆጂ እኮ ብርድ ነው» አለኝ። ጭላሎ ተራራ ሥር ተቀምጬ እኔ የምሞቅ መስሎታል። ከሐጅ ከተመለሰ ወዲህ ከተማው በሙሉ «እርስዎ» ሲለው እኔ ብቻ «አንተ» ማለቴን አልተውኩም። ለእኔ የቀረችኝ ማዕረግ ይህቺ «አንተ» ነበረች።

ወደ በቆጂ ከመጫኑ በፊት ምንጣፉን አንድ ከሰዓት አየሁት። ስፋቱ ከአልጋ ትንሽ ይበልጣል። መደቡ የወተት መልክ አለው፣ ዳርና ዳሩ ቀይ ነው፣ መሐሉን ሰማያዊ አበቦች ሞልተውታል። ከበሩ በኩል ሲያዩት ይፈካል፣ ዞረው ከጓዳው በኩል ሲያዩት ይጠቁራል። መዳፌን አንዴ በጠጉሩ አቅጣጫ፣ አንዴ በተቃራኒው አስኬድኩት። ከዚያ ጠቅልዬ በአቡጀዲ ሸፈንኩት፤ ቋጠሮውንም በገዛ እጄ አሰርኩ። የሚያስረው ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ የመጋዘኑ ሠራተኞች በሲባጎ ሊያንቁት ሲሉ ማየት ስላልቻልኩ ነው።

ሐር አውቃለሁ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጢቾ ድረስ ላሉ ሹማምንት ካባ በሐር ክር ይጠልፍ ነበር። የቆሸሸ ካባ ሲመጣ የሚያጥቡት እናቴና እኔ ነበርን። ሐር ሙቅ ውሃ አይነካውም፣ አይፈተግም፣ አይጨመቅም፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ይህን ያወቅኩት ቁጥር መቁጠር ሳልማር ነው። በከተማው ውስጥ ሌላ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ የምተርከው ነገርም አይኖረኝም ነበር።

የመጀመሪያው ክረምት ሳያልፍ ምንጣፉ ተመልሶ መጣ። ባሌ ራሱ ከገብስ መኪና ላይ አውርዶ በትከሻው ተሸክሞ ገባ።

«እርጎ ተደፋበት» አለኝ። «እሷ በሳሙና ልትፈትገው ስትል ደረስኩባት። አንቺ ታውቂበታለሽ ብዬ ነው ያመጣሁት።»

አንቺ ታውቂበታለሽ። ከሽቶው ይልቅ ይህ ቃል ደስ አሰኘኝ። የሚያስደስተኝ ሌላም ነገር ነበረው። ምንጣፉን ለሾፌር አላምንም ስላለ መልሶ የሚወስደው እሱው ነው፤ መልሶ ለመውሰድ ደግሞ መድረቅ አለበት። እስኪደርቅ አሰላ ይቆያል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን ገበያ ውሎ፣ እህሉን አስረክቦ፣ አድሮ የሚሄድ ሰው ነበር።

መጀመሪያ ገልብጬ አነጠፍኩትና ጀርባውን በመዳፌ ቀስ እያልኩ መታሁት። በዱላ የሚመታው የሰሌን ነው። አቧራው ከወረደ በኋላ ከቆርቆሮ ጣሪያዬ በበርሜል ያጠራቀምኩትን የዝናብ ውሃ ቀዳሁ፤ ከዐረቡ ሱቅ ያስመጣሁትን ኮምጣጤ ጥቂት ጠብ አደረግኩበት። ነጭ ጨርቅ ነክሬ እድፉ ላይ ጫን፣ አነሳት፤ ጫን፣ አነሳት። ባነሳኋት ቁጥር ጨርቋን አያለሁ፤ ቀይ ከነካት ቀለሙ እየለቀቀ ነውና ማቆም አለብኝ። በመጨረሻ በደረቅ ፎጣ ውሃውን መጠጥኩና ጥላ ቦታ፣ በቀርከሃ ርብራብ ላይ ዘረጋሁት። ገመድ ላይ ቢሰቀል ክብደቱ ይለጥጠዋል።

ሌላ ሰው ሲያጥብ እድፍ ያያል። እኔ ቤቷን አየሁት። በአንዱ ጫፍ የጫት ቅጠል ስብርባሪ ተሰግስጓል፤ እዚያ የሚቀመጠው እሱ ነው። ከዚያው ጎን፣ በጣም ከዚያው ጎን፣ የጠጉር ቅቤ ወዝ አለ። እኔ ምግቡን አቅርቤ ፊት ለፊቱ ነው የምቀመጠው። ለካስ እሷ ትደገፈዋለች። የቅቤውን ወዝ ለማስለቀቅ ግማሽ ቀን ፈጀሁ፤ እንዲህ የለፋሁበት እድፍ የለም።

መድረቁን በተመለከተ ዝናቡ ረዳኝ። በክረምት አሰላ ውስጥ ምን ይደርቃል? ግን ዝናቡ ብቻውን አልነበረም። ባሌ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት መስጊድ ሲሄድ ጣቴን ውሃ እየነከርኩ ከሥር በኩል መሐሉን ረጨት አደርገው ነበር። ሲመለስ መዳፉን ያሳርፍበታል።

«ዛሬም አልደረቀ?» ይለኛል።

«ሐር እኮ ነው። ጆንያ መሰለህ?» እለዋለሁ።

ያምነኛል። የገብስን እርጥበት አንዲት ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ የሚያውቅ ሰው፣ ሐር ላይ ሲደርስ የእኔን አፍ ነበር የሚያየው። ይህን በማድረጌ አይቆጨኝም። በሸሪዓው ቀኑን እኩል ሊያካፍለን ይገባ ነበር። እሱ አላካፈለም፣ እኔ አካፈልኩ።

እነዚያ ቀኖች ጥሩ ነበሩ። ሁለት በርጩማ ርብራቡ አጠገብ አድርገን እንቀመጥና መኪናው ጭቃ ውስጥ እንዴት እንደተያዘ፣ የዲክሲስ ገበሬዎች በስንዴ ዋጋ እንዴት እንደተከራከሩት ይነግረኛል። የገበሬዎቹን አነጋገር እየመሰለ ያስቀኛል። እንደ አዲስ ሙሽሮች ሆነን ነበር፤ በመሐላችን ያለው የጣውንቴ ምንጣፍ መሆኑን አንዳንዴ እረሳዋለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ሲገባ ደግሞ መጣ። ገልብጬ ስመታው አቧራው እምብዛም ነበር። ስዘረጋው ግን መሐሉ ላይ፣ ከሰማያዊዎቹ አበቦች በአንዱ ላይ፣ መዳፍ የምታክል ቢጫ እድፍ አየሁ። ጠጉሩ ደርቆ ተጣብቋል። አጠገቧ ሌላ አለ፣ ከእሱም ወዲያ ሌላ፤ ገሚሱ የቆየ፣ ገሚሱ አዲስ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ታናናሾቼን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩ ነኝ፤ የምን ሽታ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም።

ባሌ በረንዳው ላይ ጥምጣሙን እያስተካከለ ነበር።

«ድመት አስገባችሁ እንዴ?» አልኩት።

ጥምጣሙን መልሶ ፈታው።

«ወንድ ነው» አለኝ በመጨረሻ።

«አላህ ያሳድገው» አልኩና ጨርቄን ነከርኩ።

ለእኔ አላህ ልጅ አልሰጠኝም። ነገሩ በቤታችን አይነሳም ነበር፤ እሱ ለእኔ አዝኖ፣ እኔ ለራሴ ኮርቼ። ስሙን ማን እንዳሉት እንኳ አልጠየቅኩም፣ እሱም አልነገረኝም። ያን ለት እድፉን ስመጥጥ ያዘንኩ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። የተሰማኝ ቅናት ነው፤ ጥርት ያለ ቅናት። ያዘነ ሰው ክንዱ ይዝላል፣ የእኔ አልዛለም።

በዚያ ክረምት ውሃውን አበዛሁት። በዙሁር ብቻ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ በዐስር ሶላትም እረጨው ጀመር። ባሌ መቁነጥነጥ አመጣ፤ በር ድረስ ይሄዳል፣ መንገዱን ያያል፣ ይመለሳል፣ መዳፉን ያሳርፋል። በማያውቀው ሰው ቤት የሚጠብቅ እንግዳ መስሎ ተቀመጠ። ቀልዱም ጠፋ። እኔ ግን፣ ቢቁነጠነጥም ቢያኮርፍም እዚሁ ነው፣ ብዬ ነበር።

አንድ ጠዋት ሳየው ከዳሩ ቀዩ ቀለም ወደ ወተት መሳዩ መደብ ሾልኳል። ጠጋ ስል ሻጋታ ሸተተኝ። ባሌን ለማቆየት ብዬ ምንጣፉን ልገድለው ነው፤ ምንጣፉን ከገደልኩት ደግሞ ባሌን የሚያመጣልኝ የለም። በቀዝቃዛ ውሃና በኮምጣጤ ደጋግሜ መጠጥኩት፣ የከሰል ምድጃ ከሩቅ አስቀምጬ ክፍሉን አሞቅኩ፣ ከአጠገቡ አልተነሳሁም። ዳነ። ጥግ ላይ ብቻ ከእኔ በቀር ማንም የማያውቃት ቅላት ቀረች። ባሌ መዳፉን አሳርፎ «አልሐምዱ ሊላህ» አለና በማግስቱ ጭኖት ሄደ።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ባሌ እህል ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። እሱ በሌለበት በር ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት ወጣት በጀርባዋ ሕፃን አዝላ፣ በትከሻዋ በአቡጀዲ የተጠቀለለ ነገር ተሸክማ ቆማለች። አይቻት አላውቅም። ቋጠሮውን ግን አወቅኩት፤ የእኔ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ እትዬ?» በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ ጎንበስ ብላ። ቀጥላ፣ «የበቆጂዋ ነኝ» አለች።

ቆንጆ ትሆናለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ቆንጆ ናት። አስቀያሚ ብትሆን ኖሮ ደግሞ ይበልጥ ይከነክነኝ ነበር። አስገባኋት። ውሃ ሰጠኋት። ልጁን አውርዳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ሐጂ መምጣቴን አያውቁም» አለች።

«ታዲያ ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

«የምንጣፉን አስተጣጠብ እንዲያሳዩኝ ነው።»

«ሲቆሽሽ ወደ እኔ ይመጣ የለም ወይ?»

«ይመጣል» አለች። «እሳቸውም አብረው ይመጣሉ። ከመጡ ደግሞ ይቀራሉ። ክረምት ልጁ ታሞብኝ ብልክባቸው፣ ምንጣፍ እያደረቁ ነው ተባልኩ።» ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ምን እደብቅዎታለሁ እትዬ፣ ቀናሁ። አሰላ ምን ቢያገኙ ነው እንዲህ የሚቆዩት እያልኩ ስበግን ነው ክረምቱ ያለፈው።»

ቀናሁ አለች። በእኔ። እኔ እሷ የተደገፈችበትን ወዝ ስጠርግ፣ እሷ በቆጂ ተቀምጣ በእኔ ስትቃጠል ኖራለች። ስለ ልጁ መታመም የሰማሁትን እንኳ ያን ሰዓት ልብ አላልኩትም። ያን ያህል ነው ደስ ያለኝ።

ከደስታዬ ብዛት ላስተምራት ተነሳሁ። ምንጣፉን ዘረጋሁ፣ የዝናብ ውሃ ቀዳሁ። ልጁን ዳሩ ላይ አስቀመጠችውና አጠገቤ ተንበረከከች። «መጀመሪያ ጠጉሩ ወዴት እንደሚተኛ እወቂ» አልኳት። መዳፏን አሳርፋ ስትጎትት ሐሩ ያዛት፤ ላም የሚያልብ፣ እንጨት የሚሰብር ሻካራ መዳፍ ነው። የእኔ ለስላሳ ነው።

«በዚህ እጅሽማ አይሆንም» አልኳት። ደስ እያለኝ ነው ያልኳት።

መዳፏን አገላብጣ አየችው።

ልጁ ሰማያዊዎቹን አበቦች በጣቱ ለመልቀም ይታገላል። ግንባሩ የአባቱ ነው። ላለማየት ስታገል ሳላስበው አየሁት፤ እሱም ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ወዲያው ከሥሩ ውሃ ፈሰሰ። ሁለታችንም እኩል አየን፣ እኩል ዘለልን። እሷ ልጁን አፈፍ አደረገች። እኔ ምንጣፉን።

እንደዚያው እንዳለን ተያየን። ልጇ አንገቷ ሥር ተወሽቋል፣ የምንጣፉ ጫፍ ደረቴ ላይ ነው። ምን እንዳሰበች አላውቅም። ፊቷ ላይ የነበረው ግን ከበር ስትገባ ይዛው የመጣችው አልነበረም።

«ይቅርብኝ እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «እዚሁ ይሁን። ልጅ እንደሆነ መሽናቱን አይተውም። ለእኛ ቁርበት ይበቃናል።»

ልጇን አዝላ ወደ በቆጂ በሚመለስ ባዶ የእህል መኪና ሄደች። አቡጀዲውን እንኳ አልወሰደችም።

ምንጣፉ የእኔ ሆነ። እንግዳ ክፍል አነጠፍኩትና ጎረቤት እየጠራሁ አሳየሁ። ጫማ ማስወለቅ አልበቃኝ ብሎ እግር አስታጥብ ነበር። ባሌ ከአዲስ አበባ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ አየው። «ራሷ መጥታ ተወችልኝ» አልኩት። «መልካም» አለና ዳሩ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ጠጣ። በማግስቱ በቆጂ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ የሚመጣው እንደ ድሮው ለገበያ ብቻ ሆነ። ተሸክሞ የሚያመጣው የለ፣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው የለ። እርጎ የሚደፋ፣ የሚሸና፣ ቅቤ የተቀባ ጠጉር የሚያስደግፍ ሰው በቤቴ አልነበረም። ምንጣፉ ንጹሕ ነው፤ በየሳምንቱ ገልብጬ ብመታውም የሚወርድ አቧራ እንኳ የለውም።

አንድ ቀን ባሌ እህሉን አራግፎ፣ ምሳውን በልቶ ሊነሳ ሲል ሻይ ቀዳሁለት። ሳቀብለው ብርጭቆውን ቀድሜ ለቀቅኩት። ሻዩ ወተት መሳዩ መደብ ላይ ተዘረጋ።

«ወይ ጉድ» አልኩ። «አሁኑኑ ካልታጠበ አይለቅም። እስኪደርቅ ቆየኝ፣ መልሼ ሳነጥፈው ታግዘኛለህ።»

እድፉን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ረጋ ብሎ። ጥምጣሙን አነሳ።

«አንቺ ታውቂበታለሽ» አለኝና ወደ መኪናው ወጣ።

ነጭ ጨርቄን ነከርኩ። ጫን፣ አነሳት፤ ጫን፣ አነሳት። እድፉ ሲለቅ ምንጣፉን ርብራቡ ላይ ዘረጋሁና ሁለቱን በርጩማዎች አውጥቼ በአንዱ ላይ ተቀመጥኩ። በጋ ነበር። የዐስር አዛን ሳይሰማ ደረቀ።