ዝም ያሰኘሁት መኪና

ጅግጅጋ ውስጥ ስፖርት መኪና ያለው ሰው ወደ እኔ ሲመጣ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይጩህልኝ። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ይቀየር፣ ስፒከሩ ይጨመር፣ ሰፈሩ በሙሉ ይስማልኝ። እኔ የመኪና ወንበር ሰፊ ነኝ። ምንጣፍና የበር ልባስም እሠራለሁ። ከደሴ መጥቼ እዚህ ከተማ ከተቀመጥኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ መኪናዬን ዝም አሰኝልኝ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

በቶጎጫሌ በኩል የገባች፣ መሪዋ በቀኝ የሆነ፣ ባለ ሁለት በር ዝቅ ያለች መኪና ነበረችው። ባለቤቷን አውቀዋለሁ፤ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ፣ አርባን የተጠጋ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሶማሌ ነው። እኔም በቀልድ ጀመርኩት።

«አቦ፣ ዝም የምትል ከፈለግህ ይቺን ሽጥና አልጋ ግዛ!»

አልሳቀም። «አባቴ ድምፁ እያለቀ ነው» አለኝ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ታመው ነበር። ከዚያ ዕለት በአሥራ ሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ ገብተው ይቀደዳሉ። ሐኪሞቹ ይተርፋሉ ብለዋል፣ ግን የድምፅ ሣጥናቸው ስለሚወጣ ከዚያ በኋላ አይናገሩም። ያን ጊዜም ቢሆን የቀራቸው ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ልጅየው ደግሞ ከአባቱ አፍ የሚፈልገው አንድ ነገር አለ። እሱ ከመወለዱ በፊት፣ ቤተሰቡ በድርቅ ጊዜ ከአይሻ በኩል ግመል እየነዳ በእግር ሲሰደድ፣ የአራት ዓመት እህቱ መንገድ ላይ ሞታለች። እናቱ ዓምና ስታርፍ እጁን ይዛ «የእህትህን መቃብር ሂደህ አይተህ ዱዓ አድርግልኝ፤ ቦታውን አባትህ ያውቀዋል» ብላዋለች። አባትየው ግን በተጠየቁ ቁጥር ነገ፣ ነገ እያሉ ዓመቱ አለፈ።

«ቤት ውስጥ እንግዳ አይጠፋም» አለኝ። «ደግሞ እሱ ተቀምጦ ማውራት አይሆንለትም። ዕድሜውን ሙሉ ከግመል ኋላ እየሄደ ነው ያወራው። ሰሞኑን ሐረር ለሕክምና ሳመላልሰው መኪናዋ ስትሄድ ይጀምራል፣ ስቆምለት ዝም ይላል። ስትሄድ ደግሞ እኔ አልሰማም።»

«ታዲያ ደህና መኪና ተዋስ!»

«ሰፊ መኪና ከያዝኩ ዘመድ ሁሉ ልሸኝ ብሎ ይሳፈራል። በዚህች የሚገባ የለም።»

ይዞኝ ወጣ። ጎኑ ተቀምጬ እሱ በሹክሹክታ አንድ ነገር አለኝ፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ወላሂ አንድ ቃል አልሰማሁም። ጎማው ይጮሃል፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ጠጠሩ ሥር ሥሩን ላሜራውን ይደበድበዋል። ስንመለስ በሩን በጉልበቴ ዘግቼ «እሠራዋለሁ» አልኩት።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ጀርባው ሙጫ፣ ፊቱ ብርማ ፎይል የሆነ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ሉህ ነው። ቶጎጫሌ ላለ ነጋዴ ደወልኩ። አራት ቀን ጠብቅ አለኝ። መጠበቅ ለኔ አልተፈጠረም፤ ሚስቴን ጠይቁ። በዚያ ላይ የሽማግሌው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሄጄ የሕንፃ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ለቤት ጣሪያ የሚነጠፈውን፣ ካትራሜ የሚሉትን የሬንጅ ጥቅል አመጣሁ። እሱም ጥቁር ነው፣ እሱም ከባድ ነው፣ እሱም ይጣበቃል። ባለሱቁ «ይሄ ፀሐይ ሲመታው ይሸታል፣ መኪና ውስጥ አይሆንም» ብሎኝ ነበር።

«ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?» አልኩት።

ወንበሮቹን አወጣሁ፣ ምንጣፉን ገፈፍኩ፣ ላሜራውን አጠብኩ። ካትራሜውን በእሳት እያሞቅኩ ወለሉን፣ ሁለቱን በሮች፣ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ያለውን ቅስት ላሜራ ሳይቀር አለበስኩት። ከላይ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ ላይ ምንጣፉን መለስኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በጣቴ አንጓ ሳንኳኳው የዱቄት ጆንያ እንደመምታት ነው፤ ድም ብሎ ይቀራል። ልጅየው ነድቷት ሲመለስ አቀፈኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። ያ ኩራቴ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ለቀትር ሶላት መስጊድ ደጃፍ ፀሐይ ላይ አቆማት። ከሶላት ወጥተው አባትና ልጅ የቶጎጫሌን መንገድ ያዙ። ሽማግሌው ከከተማ ሲወጡ «ያን ጊዜ» ብለው ጀምረው ነበር አሉ። ከዚያ የካትራሜው ሽታ ከምንጣፉ ሥር ተነሣ። ሳሉ። መስኮት ቢከፈት፣ መኪናው ቢቆም፣ ወርደው መሬት ላይ ቢቀመጡ ሳላቸው አልቆም አለ፣ በመጨረሻም ደም አስተፋቸው። ሆስፒታል አስገቧቸው።

ልጅየው የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ መጥቶ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ደስ ባለኝ።

«ስምንት ቀን ቀረን» ብቻ ብሎኝ ሄደ።

የሰው ልጅ ከአባቱ የሚጠብቀውን ቃል እኔ በችኮላዬ አቋረጥኩት። ሌላ ምን ይባላል? ሌላ ሥራ አልቀበልም ብዬ ሱቄን ዘጋሁ። በጉልበቴ ተንበርክኬ ሁለት ቀን ካትራሜ ፋቅሁ። በቢላ እፍቃለሁ፣ በነጭ ጋዝ እጠርጋለሁ፣ በሳሙና አጥባለሁ፣ አሸታለሁ፣ እንደገና እፍቃለሁ። ጥፍሮቼ ጠቁረው እጄን ከሰው ጋር ማዕድ ላይ መዘርጋት አፈርኩ። ምንጣፉንና ስፖንጁን ጣልኩት፤ ሽታው ገብቶበት ነበር። እንደገና ደውዬ ያዘዝኩት ትክክለኛው ሉህ ከቶጎጫሌ ሲገባ አንዷን ማዕዘን እንኳ ሳልዘል ለጠፍኩና በአዲስ ሞኬት ምንጣፍ ሸፈንኩት። ከዚያ መኪናዋን ፀሐይ ላይ አውጥቼ፣ በሯንም መስኮቷንም ዘግቼ፣ በቀትር ውስጧ ተቀመጥኩ። ሚስቴ ምሳ ይዛ መጥታ መስታወቱን ደበደበች።

«አበድክ እንዴ? ልትሞት ነው?»

«እያሸተትኩ ነው» አልኳት። ላቤ ወንበሩን አራሰው። ከላቤ በቀር ምንም አይሸትም ነበር።

ለአዲስ አበባው ጉዞ ሁለት ቀን ሲቀር አባትየው ራሳቸው መጡ። በልጃቸው ክንድ ተደግፈው፣ አንገታቸው ላይ ነጠላ ጠምጥመው። መደበቂያ ባገኝ እደበቅ ነበር። «አዴር፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው፤ አዴር በሶማሊኛ አጎት ነው፣ ሽማግሌ ሁሉ እንዲያ ይጠራል። ጎንበስ ብለው በመኪናዋ በር አሸተቱ፣ ሞኬቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ ወደ ልጃቸው ጆሮ ተጠጉ።

ልጅየው ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ንዳ ይልሃል።»

«እኔ? እኔ ምን አግብቶኝ?»

«ሥጋችን ያልሆነ ሰውም ይስማኝ ነው የሚለው። እኔም መሪ ከያዝኩ ጆሮዬን ማስጠጋት አልችልም።»

ቁልፉን አነሣሁ። ሽማግሌው በግራ ጎኔ ተቀመጡ። ልጅየው ያን ቁመቱን አጥፎ ከኋላ ባለችው፣ ለወንበር ስም በማትበቃ ቦታ ተወሸቀና አገጩን በአባቱ ትከሻ ላይ አደረገ። የቶጎጫሌን መንገድ ያዝን። ሜዳው በሁለት በኩል ተዘርግቷል፣ የጭነት መኪኖች በአጠገባችን ያልፋሉ፣ እኛ ጋ ግን የሽማግሌው ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ ይሰማል። ሶማሊኛዬ ለሥራና ለሐሜት ይበቃል። ያን ቀን የተባለውን በሙሉ ሰማሁ፤ ምነው ባልሰማሁ።

«እናትህ ትኩሳት ይዟት ግመል ላይ ታስራ ነበር» አሉ። «ልጅቷን የቀበርኳት እኔ ነኝ። መቆፈሪያ አልነበረኝም፣ በሳህን ቆፈርኩ። ጥልቅ አልነበረም። ሰዎቻችን እየራቁ ነበር። ምልክት ላደርግ ድንጋይ ፈለግኩ፣ ያ መሬት ድንጋይ የለውም። አንድ ግራር አይቼ ትቼያት ሄድኩ።»

ካዘገምኩ ወሬያቸው እንዳይቋረጥ ሰጋሁ። ፍጥነት እንዳይቀንስ እግሬን ነዳጁ ላይ አጸናሁ።

«ዝናቡ ሲመጣ ተመለስኩ። ግራሩ የለም፣ ለከሰል ቆርጠውታል። ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። አላገኘኋትም። እናትህ አገኘህ ወይ አለችኝ። አገኘሁ አልኳት። ምን አደረግክላት አለችኝ። በድንጋይ ከለልኳት አልኩ። ምን ዓይነት ድንጋይ አለችኝ።» ትንፋሻቸው ተቋረጠ፣ እንደገና ሳቡት። «ነጭ አልኳት። በየዓመቱ ትጠይቀኝ ነበር፣ ነጩ ድንጋይ አለ ወይ እያለች። አለ እላት ነበር። አንተንም ሂድ ያለችህ ያን ስላመነችኝ ነው። የለም ልጄ። ቦታውን አላውቀውም። ስትፈልግ እንዳትደክም ነው የምነግርህ።»

ሹክሹክታው ሲያልቅ ከኋላዬ የተያዘ ለቅሶ ሰማሁ። ልጅየው አፉን በክርኑ አፍኖታል፣ አባቱ እንዳይሰሙት። አርባን የተጠጋ ሰው በአባቱ ጆሮ ሥር ማልቀስ አልፈለገም። ግን እኔ በዚያች መኪና ውስጥ ለለቅሶ መደበቂያ አላስቀረሁም፤ ሳጉ እንኳ አንድ በአንድ ይሰማል። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ጉልበታቸውን ይዘዋል። እየሰሙት ነው። ልጅየውም እየሰሙት እንደሆነ ያውቃል፣ ትንፋሹን ውጦ ሊታፈን ነው።

የኔን መስኮት እስከ ታች አወረድኩት። ቀጥዬ የሳቸውን ለቀቅ አደረግኩላቸው። ነፋሱ ሞላን፣ ጎማው ጮኸ፣ ልጅየውም ከኋላ እንደ ልቡ አለቀሰ።